የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከሩቅ አገር ሰው ጋር ለመግባባት ምን አብረን እንሥራ?

በዚህ ወር ከጅማ ከተማና ከአካባቢዋ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ የሚያነሡ ሆነው አግኝተናቸዋል። ጉዳዩም ልጆቻችን ከሌላ አገር፣ ከሌላ ሃይማኖትና ከሌላ ቋንቋ ሰዎች ጋር ተግባብተው መኖር እንዲችሉ ትምህርት ምን ሊያደርግላቸው ይችላል የሚለው ነው። ከደብዳቤዎቹ መካከል አራቱን መርጠን፣ የጸሐፊዎቹን ስም ሳንጠቅስና ረዘም ያሉትን አሳጥረን፣ ከመልሶቻቸው ጋር አቅርበናል።

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ባለፈው ዓመት በአውሮፓ ከሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ጋር ተዋውቀን የ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ከእዚያ ተማሪዎች ጋር በኢንተርኔት በምስል እንዲገናኙ ተስማማን። የመጀመሪያው ቀጠሮ ሰዓቱ ተዛብቶ ከሸፈ፤ እነርሱ 9 ሰዓት ብለው ስለጻፉልን እኛ ከቀትር በኋላ ስንጠብቅ እነርሱ ጠዋት ጠብቀውን ነበር። በሁለተኛው ቀጠሮ ተማሪዎቹን የባህል ልብስ አስለብሰን፣ ጀበናና ረከቦት አቅርበን ጭፈራ አሳየን። የእነርሱ ተማሪዎች «ውኃ አላችሁ ወይ?» እያሉ ጠየቁ፤ ከእኛ ልጆች መካከል ሦስቱ ደግሞ ስፖንሰር እንዲፈልጉላቸው ለመኑ። ከዚያ ወዲህ አልተገናኘንም፤ ልጆቹም ከመተዋወቃቸው በፊት ከነበረው ይልቅ የተራራቁ መስሎ ይሰማኛል። ጉድለቱ የት ላይ ነው? እንደገናስ መሞከር ይገባኛል ወይ?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ እንደገና መሞከር ይገባዎታል፤ ነገር ግን በሌላ መልክ።

የገለጹት ነገር የእርስዎ ክፍል ብቻ ችግር አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው ሥራው፣ የተለያዩ ወገኖች ስለተገናኙ ብቻ አንዳቸው በሌላው ላይ ያላቸው ጭፍን አመለካከት እንደማይለወጥ፣ አንዳንድ ጊዜም ሊብስ እንደሚችል አስረድቶ፣ ግንኙነቱ እንዲሠምር አራት ነገሮች መሟላት እንዳለባቸው ጽፏል። ተገናኞቹ በዚያ ግንኙነት ውስጥ እኩል ደረጃ ሊኖራቸው ይገባል፤ የሚደርሱበት አንድ የጋራ ግብ ያስፈልጋቸዋል፤ ግቡንም የሚያገኙት በፉክክር ሳይሆን በመደጋገፍ መሆን አለበት፤ በላያቸው ያለው ኃላፊም ግንኙነቱን እንደሚደግፍ በግልጽ ማሳየት ይጠበቅበታል። ቶማስ ፔቲግሩና ሊንዳ ትሮፕ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ከ500 በላይ ጥናቶችን በአንድነት መርምረው ባወጡት ውጤት፣ ግንኙነት በአብዛኛው ጭፍን አመለካከትን እንደሚቀንስ፣ እነዚህ አራት ሁኔታዎች ታስበው ሲዘጋጁ ደግሞ ለውጡ ይበልጥ እንደሚጎላ አሳይተዋል።

የእርስዎን ግንኙነት በዚህ ብንመዝነው ጉድለቱ ቶሎ ይታያል። የጅማ ልጆች የባህል ልብስ ለብሰው መድረክ ላይ ቆመዋል፤ የአውሮፓ ልጆች ተመልካች ሆነው ተቀምጠዋል። የሚታይና የሚያይ እኩል አይደሉም፤ የሚያየው ይፈርዳል፣ የሚታየው ፍርዱን ይጠብቃል። አብረው የሚሠሩት ሥራ ስላልነበረም ዳግመኛ ባይገናኙ የሚጎድልባቸው ነገር አልነበረም። ስለ ውኃ የጠየቁት ልጆች ክፉዎች አይመስሉኝም፤ ስለ ኢትዮጵያ የሚያውቁት በድርቅ ዘመን የተነሡ ፎቶግራፎችን ብቻ ከሆነ ሌላ ጥያቄ ከየት ያመጣሉ? ስፖንሰር የለመኑትን ሦስት ተማሪዎችም እባክዎ አይቆጧቸው። ዝግጅቱ ሰጪና ተቀባይ ያሉበት ስለሆነ ልጆቹ የተቀባዩን ቦታ ያዙ እንጂ ሌላ ያደረጉት ነገር የለም።

የሰዓቱ መዛባት ግን፣ በተለይ ጂኦግራፊ ለሚያስተምር ሰው፣ ከሁሉ የበለጠ መልካም አጋጣሚ ነው። ሁለቱም ወገኖች በየአገራቸው አቆጣጠር ትክክል ነበሩ። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ስለምትገኝ የቀንና የሌሊቱ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም፤ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ ቀን የሚበልጠው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው። ስለዚህ ቀኑን ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ መቁጠር ለእኛ አያስቸግርም። በርሊን ላይ ግን ፀሐይ በታኅሣሥ የምትወጣው በእነርሱ አቆጣጠር ጠዋት ከ8 ሰዓት በኋላ ሲሆን፣ በሰኔ ደግሞ ከ5 ሰዓት በፊት ትወጣለች፤ በዚያ አገር ከንጋት ጀምሬ ልቁጠር የሚል ሰው ሰዓቱን በየሳምንቱ ማስተካከል ይኖርበት ነበር። ሁለቱ ክፍሎች በየከተማቸው ፀሐይ የምትወጣበትንና የምትገባበትን ሰዓት ለአንድ ወር መዝግበው ቢለዋወጡና ልዩነቱ ከየት እንደመጣ አብረው ቢያሰሉ፣ «እነዚህ ሰዎች እንዴት እንዲህ ይቆጥራሉ!» የሚለው መገረም «እኔም እነርሱ ዘንድ ብወለድ እንዲሁ እቆጥር ነበር» ወደሚል መረዳት ይለወጣል። በእኔ እምነት የዓለም አቀፍ ትምህርት ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ የሌላውን ልማድ ከሚኖርበት ሁኔታ አንጻር ማየት መቻል።

ቀጥሎ ለሚመጣው ግንኙነት ቡናን እንድትጠቀሙበት እመክራለሁ፤ ይሁንና በስኒ ቀርቦ የሚታየውን ሥነ ሥርዓት ሳይሆን የቡናውን ጉዞ። ከጥቅምት ወዲህ ተማሪዎችዎ ወደ ማና ወይም ወደ ጎማ ወረዳ ወጥተው፣ አለዚያም በየዘመዶቻቸው ጓሮ፣ ገበሬው አንድ ኪሎ ቀይ እሸት በስንት ብር እንደሸጠ፣ ከስንት ኪሎ እሸት አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና እንደሚወጣ፣ ታጥቦ የሚደርቀው ቡና ከነልጣጩ ከሚደርቀው ከጀንፈሉ በምን እንደሚለይ፣ ማድረቂያ አልጋው ላይ ቡናውን ቀኑን ሙሉ እያገላበጡ የሚለቅሙት ሴቶች የቀን ሂሳባቸው ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። የዚያኛው አገር ተማሪዎች ደግሞ በከተማቸው ሱቅ አንድ ጥቅል የኢትዮጵያ ቡና በስንት እንደሚሸጥ፣ ማን እንደቆላው፣ አንድ ስኒ ቡና በካፌ ስንት እንደሚያወጣና መንግሥታቸው ከዚያ ላይ ምን ያህል እንደሚወስድ ያጣሩ። ጀርመን ውስጥ ለምሳሌ በእያንዳንዱ ኪሎ የተቆላ ቡና ላይ 2.19 ዩሮ የቡና ግብር ይከፈላል፤ ይህን የጅማ ተማሪ ገበሬውን ጠይቆ ሊያገኘው አይችልም፣ የጀርመኑም ልጅ ጀንፈል ምን እንደሆነ ከሱቅ መደርደሪያ ላይ አያነበውም። የሥራው ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ግማሹ መረጃ በአንዱ እጅ፣ ግማሹ በሌላው እጅ ስለሆነ ማንኛውም ወገን ያለ ሌላው ሥራውን ሊጨርስ አይችልም። ልጆቻችን የሚለምኑበት ምክንያት አይኖርም፤ የሚፈለግ ነገር በእጃቸው ይዘዋልና።

የምትተባበሩትን ትምህርት ቤት ስትመርጡ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያልሆነ ተማሪዎች ያሉበትን ብትፈልጉ መልካም ነው፤ ሁለቱም ወገኖች በሁለተኛ ቋንቋቸው እየተንተባተቡ ሲነጋገሩ አንዱ በሌላው ሰዋስው ላይ ፈራጅ አይሆንም። ከአውሮፓም ውጭ ማየት ይጠቅማል። ቡና የሚያመርቱ ከተሞች በኮሎምቢያም፣ በቬትናምም፣ በምሥራቅ አፍሪካዊቷ በኡጋንዳም አሉ፤ የእነዚያ ገበሬዎች ልጆች ስለ ዋጋ መውደቅ ሲያወሩ ተማሪዎችዎ አስተርጓሚ ሳያሻቸው ነገሩ ይገባቸዋል። መብራት በሚጠፋበትና ኮኔክሽን በሚቆራረጥበት ሁኔታ በምስል ፊት ለፊት መገናኘት ግዴታ አይደለም፤ በቴሌግራም የሚላክ የድምፅ መልእክት፣ በሞባይል የተነሣ ፎቶግራፍና ተጽፎ የተላከ ጥያቄ ይበቃል፤ ለማሰብም ጊዜ ይሰጣል። የልጆቹ ፎቶግራፍ ከመላኩ በፊት የወላጅ ፈቃድ ይያዝ። ርእሰ መምህሩም ሥራው በክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ውስጥ እንዲገባና ማርክ እንዲያዝለት ይፍቀዱ፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭ በእርስዎ በጎ ፈቃድ ብቻ የሚካሄድ ከሆነ ፈተና ሲደርስ ይቋረጣል፤ ተማሪውም ነገሩ ከቁም ነገር እንዳልተቆጠረ ይረዳል።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ። ስለ ዓለም አቀፍ ትምህርትና ስለ ባህሎች መግባባት በየስብሰባው ሲነገር እሰማለሁ። በ2012 ዓ.ም. በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በተማሪዎች መካከል በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት እስከ መጥፋት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። እርስ በርሳችን ሳንግባባ ስለ ዓለም መግባባት ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ? የውጭ ድርጅቶችን ቋንቋ ከመድገም የሚዘል ነገርስ አለው ወይ?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ሐዘንዎ ይገባኛል። ሆኖም ከሩቁ ጋር መግባባትና ከቅርቡ ጋር መግባባት ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች ናቸው ብዬ አላምንም። የቬትናምን ገበሬ ልጅ ሳይፈርድ መጠየቅ የተማረ ልጅ የዶርም ባልደረባውንም እንዲሁ ይጠይቃል፤ የዶርም ባልደረባውን በስሙና በመጣበት አገር ብቻ የሚመዝን ደግሞ ውጭ አገር ቢማርም ያንኑ ልማድ ይዞ ይመለሳል። በዓለም አቀፍ ደረጃ የወጡት ሰነዶችም ሁለቱን አይለዩም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ዓለም አቀፍ መግባባት ትምህርት ያወጣውን ምክረ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲያሻሽል ሰላምን፣ ሰብአዊ መብትንና ዘላቂ ልማትን አያይዞ ያቀረበው በየአገሩ ውስጥ ላለውም ለአገሮች ግንኙነትም እንዲያገለግል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የጸደቁት የዘላቂ ልማት ግቦችም ስለ ባህል ብዝኃነትና ስለ ዓለም አቀፍ ዜግነት የሚሰጠው ትምህርት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለሁሉም ተማሪዎች እንዲዳረስ ይጠይቃሉ። ከዚህ በላይ ስለ ሰነዶች መናገር አያስፈልገንም፤ ጉዳዩን የራሳችን ታሪክ በተሻለ ያስረዳዋልና።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጅማው የሂርማታ ገበያ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከነበሩት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከየአቅጣጫው የመጡ ነጋዴዎች በብዙ ቋንቋዎች እየተነጋገሩ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይገበያዩበት ነበር። ነገር ግን በዚያው ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር። የብዙ ሕዝቦች መገናኛ የሆነ ቦታ በራሱ የመከባበር ቦታ አይሆንም፤ የተገናኙበት ሁኔታ አንዱን ገዢ፣ ሌላውን ተሸጪ አድርጎት ሊሆን ይችላል። ስለ ጅማ የብዝኃነት ታሪክ ስናስተምር ይህንንም ጨምረን ማስተማር ይገባናል፤ ቅድመ አያቶቻቸው በዚያ ገበያ የተሸጡ ሰዎች ልጆችም በክፍላችን ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉና።

ወደ ዩኒቨርሲቲዎቹ ስንመለስ፣ ከአገሪቱ አራት ማዕዘን የመጡ ተማሪዎችን በአንድ ግቢ መመደቡ መልካም ሐሳብ ሆኖ ሳለ፣ ምደባው ሥራውን ይጨርሰዋል ተብሎ ተተወ። ፍሬሽማኑ ግቢ ሲደርስ መጀመሪያ የሚቀበሉት የአገሩ ልጆች ናቸው፤ በካፌም የሚበላው፣ በላይብረሪም የሚያጠናው፣ ለአምልኮም የሚሄደው ከእነርሱ ጋር ነው፤ ከሌላው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይተኛል እንጂ የሚያገናኘው ሥራ የለውም። እንዲህ ባለ ሁኔታ አንድ ወሬ በፌስቡክ ሲለቀቅ ወሬውን የሚያጣራለት ሰው በማዶው ወገን አይኖረውም።

በአንጻሩ በከተማችን ያለውን የጅማ ዩኒቨርሲቲን የማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርት ይመልከቱ። ከሕክምና፣ ከነርሲንግ፣ ከፋርማሲ፣ ከላቦራቶሪና ከሌሎችም የጤና ሙያዎች የተውጣጡ ተመራቂ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያዎች ይወጣሉ፤ ተማሪዎቹ ቲቲፒ ብለው የሚጠሩት ይህ መርሐ ግብር የተነደፈው ሙያዎችን ለማቀናጀት ቢሆንም፣ ከጎንደር የመጣው፣ ከጅጅጋ የመጣችውና የአጋሮው ልጅ አንድ ቤት ተከራይተው፣ አንድ ድስት ጥደው፣ የአንድን ቀበሌ የመጸዳጃ ቤትና የውኃ ሁኔታ አብረው ይቆጥራሉ። በዚያ ወቅት አፋን ኦሮሞ የሚናገረው ተማሪ የቡድኑ ምላስ ይሆናል፤ የላቦራቶሪው ተማሪ ደግሞ ለሐኪሙ የማይቀር ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ከአዲስ አበባ ውጭ፣ አብዛኞቹም በመምህርነት፣ እንዲያገለግሉ ያስገድድ የነበረው ደንብም በዚሁ መንፈስ የሚታይ ነው፤ ብዙ የከተማ ልጆች የገዛ አገራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቁት በዚያ ዓመት ነበር። ለሌላው ዓለምም በራችንን ከፍተን እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1958 መንግሥት ለሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተማሪዎች ነፃ የትምህርት ዕድል እንደሚሰጥ አስታውቆ ልጆቹ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ፣ የእኛ ተማሪዎች ስለ ቅኝ ግዛትና ስለ ነፃነት ትግል ከእነርሱ ብዙ ሰምተዋል፤ የተማሪውን እንቅስቃሴ ታሪክ የጻፉ ሰዎችም ይህን ተጽዕኖ ያነሣሉ። የውጭ ድርጅቶች ቋንቋ ነው ብለን ለሌላ የምንተወው ነገር አይደለም።

ከዩኒቨርሲቲ በፊት ግን 9ኛ ክፍል አለ። በከተማችን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን በአማርኛ የተከታተለውና በአፋን ኦሮሞ የተከታተለው ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ የሚቀመጡት በአብዛኛው እዚህ ደረጃ ላይ ነው፤ የማስተማሪያ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ስለሚሆን ለሁለቱም እኩል ከባድ ነው። ይህ መልካም አጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በቴክሳስ ግዛት በኦስቲን ከተማ፣ ቀድሞ ተለያይተው ይማሩ የነበሩ የነጮች፣ የጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ልጆች በአንድ ክፍል ሲቀላቀሉ ጠብ ስለበዛ፣ ኤሊየት አሮንሰን የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ዘዴ አወጣ። ትምህርቱ ይከፋፈልና እያንዳንዱ የቡድን አባል አንዱን ክፍል ብቻ ይይዛል፤ ያንኑ ክፍል ከያዙ የሌሎች ቡድኖች ልጆች ጋር ተቀምጦ ያጠናል፤ ከዚያ ወደ ቡድኑ ተመልሶ ያስተምራል። ፈተናው ግን ሁሉንም ክፍል ይጠይቃል።

ዘዴውን ወደ ጅማ ብናመጣው ለታሪክ ትምህርት በልኩ የተሰፋ ያህል ይስማማል። ቀድሞ በዚህ አካባቢ የነበሩት የጊቤ መንግሥታት አምስት ናቸው፤ ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ። አምስት ተማሪዎች ባሉበት ቡድን እያንዳንዱ አንዱን መንግሥት ይይዛል። ስለ ጌራ ያጠናችው ልጅ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ቢሆንም ጓደኞቿ ጎንበስ ብለው ያዳምጧታል፤ እርሷ ካልነገረቻቸው ጌራ ያመልጣቸዋልና። ይህ ከለመድነው አንድ ለአምስት አደረጃጀት ይለያል። በአንድ ለአምስት ጎበዝ የተባለው ተማሪ መሪ ይሆናል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ማን እንደሚያውቅና ማን እንደማያውቅ አስቀድሞ ተወስኗል። ዝምተኛው ተማሪ ከሌላ ቋንቋ ወይም ከሌላ ወረዳ የመጣ ሲሆን ደግሞ ዝምታው የወገኑ ሁሉ ዝምታ ተደርጎ ይቆጠርበታል። መምህራን ቡድን ሲያደራጁ ይህን አንድ ነገር ብቻ ቢቀይሩ ከብዙ የባህል ቀን ዝግጅት የሚበልጥ ውጤት እንደሚያገኙ አልጠራጠርም።

ጥያቄ፦ በጅማ የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ታናሿ ልጄ በምትማርበት የግል ትምህርት ቤት «ዓለም አቀፍ ትምህርት እንሰጣለን» ይላሉ። ባለፈው ጥቅምት ሃሎዊን የሚባለውን የፈረንጆች በዓል እናከብራለን ብለው ልብስ እንድንገዛ አዘዙን። ልጄ አሁን የእኛን ነገር ሁሉ ኋላ ቀር ማለት ጀምራለች። ልጆች የሌላውን ባህል ሲማሩ ከሃይማኖታቸውና ከወጋቸው አይወጡም ወይ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ቅሬታዎ ተገቢ ነው። ለአንድ ቀን የሚለበስ ልብስ አስገዝቶ የሌላ አገርን በዓል ማስከበር ስለዚያ አገር ሕዝብ የሚያስተምረው ነገር የለም፤ የሚያስተምረው ቢኖር የእነርሱ ያምራል፣ የእናንተ አያምርም የሚለውን ነው። ልጅዎ ኋላ ቀር የሚለውን ቃል ያመጣችው ከዚያ ይመስለኛል። አንድ ትምህርት ቤት ዓለም አቀፍ ትምህርት እሰጣለሁ ሲል የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ፣ ልጆቹ በአንድ ወንበር አብሯቸው ስለሚቀመጠው ልጅ ምን ያውቃሉ የሚለው ነው። በዓቢይ ጾም ጓደኛዋ ወተት ያለበትን ምሳ ለምን እንደማትቀምስ፣ በረመዳን ሌላው ጓደኛዋ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ጥላ ሥር ለምን እንደሚቀመጥ የማታውቅ ልጅ፣ የሩቅ አገር በዓል ብትለብስ ምን ይጠቅማታል?

ፍርሃትዎን በተመለከተ፣ የሌላውን እምነት ማወቅና የሌላውን እምነት መቀበል የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ልጅም ይህን ልዩነት በቀላሉ ትረዳለች፣ በተለይ በቤቷ የራሷን በሚገባ ከተማረች። የሚያናውጣት አለማወቅ ነው። ስለ ሃይማኖቷ ሲጠይቋት የምትመልሰው ያላት ልጅ የሌላውን ስትሰማ አትደነግጥም። ለትምህርት ብሎ ከአገር መራቅም ከውጭ የመጣብን ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪው ቅኔ ፍለጋ ጎጃም፣ ዜማ ፍለጋ ጋይንት ወዳለችው ቤተልሔም ይወርድ ነበር፤ በአባ ጅፋር ዘመን ጅማ በደቡብ ምዕራቡ ከታወቁት የእስልምና ትምህርት ማዕከላት አንዷ ስለነበረች ደረሳውም ዓሊም ፍለጋ ወደዚህ ይመጣ ነበር። እነዚያ ተማሪዎች በማያውቁት አገር ቋንቋና ምግብ ኖረው፣ የአስተናጋጃቸውን ወግ አክብረው፣ ሃይማኖታቸውን አጠንክረው ወደ አገራቸው ገብተዋል።

ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ ጋር ሲነጋገሩ «የውጭ ነገር አታስተምሩ» አይበሏቸው። በወላጅ ኮሚቴው በኩል የዓመቱን ዕቅድ ጠይቀው፣ የልጆቹ ትምህርት ከየትኞቹ አገሮች ጋር እንደሚያገናኛቸውና ልጆቹስ ለእነዚያ አገሮች ልጆች ስለ ጅማ ምን እንደሚያስረዱ ይጠይቁ። ሁለተኛው ጥያቄ መልስ ከሌለው ዕቅዱ ጎዶሎ ነው። ልጅዎም አያቷን ስለ ዱሮው የሠርግ ሥርዓት ጠይቃ በእንግሊዝኛ እንድትጽፈው መምህሯን ቢያስጠይቁ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ትማራለች።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከጅማ ወጥቼ አላውቅም፤ ውጭ አገር ሄዶ መማር የምችልበት ገንዘብም ዘመድም የለኝም። እንደ እኔ ላለች ልጅ ስለ ዓለም ማወቅ ምን ይጠቅማታል? ስኮላርሺፕስ እንዴት ይገኛል? አንድ ሰው ገንዘብ ብትከፍዪኝ አስጨርስልሻለሁ ብሎኛል።

መልስ፦ ውድ ተማሪያችን፣ ለሰውየው ምንም ገንዘብ አትክፈዪ። ስማቸው የታወቀው የነፃ ትምህርት ዕድሎች፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1946 የተመሠረተው የአሜሪካው ፉልብራይትና የብሪታንያው ቼቭኒንግ፣ ለማመልከቻ ክፍያ አይጠይቁም፤ ውጤቱንም በደላላ በኩል አይሰጡም። እነዚህም ሆኑ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው፣ ተማሪው ቢያንስ በሁለት አገሮች እየተዘዋወረ ሁለተኛ ዲግሪ የሚማርበት የአውሮፓው ኢራስመስ ሙንዱስ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውን ሰው የሚመለከቱ ስለሆኑ፣ አሁን በእጅሽ ያለው ሥራ የመልቀቂያ ፈተናሽና የእንግሊዝኛ ጽሑፍሽ ነው። በዩኒቨርሲቲ ስትገቢ ውጤትሽንና የሠራሻቸውን የበጎ ፈቃድ ሥራዎች ማስረጃ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምረሽ በአንድ ማኅደር አስቀምጪ፤ ብዙዎች ዕድሉን የሚያጡት በመጨረሻ ሰዓት የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው፣ በደንብ የሚያውቃቸው መምህር ሲያጡ ነው።

እስከዚያ ድረስ ፓስፖርት የማያስፈልገው ትምህርት በዙሪያሽ አለ። በጅማ ከኦሮሞውና ከአማራው ሌላ የም፣ ዳውሮ፣ ከፋና ጉራጌ ይኖራሉ፤ ከእነዚህ ቋንቋዎች ጎረቤትሽ የሚናገረውን አንዱን መርጠሽ በአንድ ዓመት ውስጥ ሰላምታ ተለዋውጦ ገበያ እስከ መገበያየት የሚያደርስ ያህል ተማሪ። አማርኛ ብቻ ወይም አፋን ኦሮሞ ብቻ የምትናገሪ ከሆነ ደግሞ ከሌላው ጀምሪ። ጅሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለመጎብኘት ስትሄጂ ስለ ንጉሡ ብቻ ሳይሆን በግቢው ያገለግሉ ስለነበሩ ሰዎችም አስጎብኚውን ጠይቂ።

የዩኒቨርሲቲ ምደባሽ ከጅማ ሩቅ በሆነ ከተማ ቢወጣ፣ ወላጆችሽ ቢሰጉም፣ የከተማውን ሁኔታ እዚያ ከሚማሩ ተማሪዎች ካጣራሽ በኋላ ሰላም ከሆነ ሂጂ። በመጀመሪያው ሳምንት የአገርሽን ልጆች መፈለግሽ አይቀርም፤ ነውርም የለበትም። ነገር ግን የጥናት ቡድንሽን ከሌላ አካባቢ ከመጡ ልጆች ጋር መሥርቺ፤ የምትጋሩት ፈተና አንድ ስለሆነ መምህሩ ሳያዝዛችሁ ትምህርቱን ከፋፍላችሁ አንዷ ለሌላዋ ልታስረዱ ትችላላችሁ። ለስኮላርሺፕ ስታመለክቺ ከሌላ ባህል ሰዎች ጋር አብረሽ የሠራሽው ምን እንደሆነ እንድትጽፊ ብትጠየቂ፣ በዚያ ጊዜ የምትጽፊው እውነተኛ ነገር ይኖርሻል።